መጠኑ ያልተጻፈ መድኃኒት

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ከጤና ተቋም ሲወጣ በእጁ አንድ የመድኃኒት ማዘዣ፣ በጆሮው ደግሞ አንድ ምክር ይዞ ነው። ማዘዣው ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ፣ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ ተጽፏል። ምክሩ ግን «የአካል እንቅስቃሴ አዘውትር» ከሚለው አያልፍም። የትኛውን እንቅስቃሴ? ለስንት ደቂቃ? በየትኛው ሰዓት? እግሩ ላይ ቁስል ቢኖርስ? ይህን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው ባለሙያ አያገኝም። ለደም ግፊት ታማሚው፣ ስትሮክ መትቶት ላገገመው፣ እግሩ ለተቆረጠውም ነገሩ ያው ነው። መድኃኒት ያለ መጠን አይታዘዝም፤ የአካል እንቅስቃሴ ግን ሁልጊዜ ያለ መጠን ይታዘዛል።

ይህን ክፍተት የሚሞላ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አለ። በውጭው ዓለም «አዳፕትድ ፊዚካል አክቲቪቲ» ይሉታል፤ በእኛ ቋንቋ «እንደ አቅም የተመጠነ የአካል እንቅስቃሴ» ብንለው ይቀርበዋል። ሥር የሰደደ ሕመም፣ የአካል ጉዳት ወይም የዕድሜ መግፋት ያለበት ሰው እንዴት ያለ ስጋት መንቀሳቀስ እንደሚችል የሚያጠና ዘርፍ ነው። የሙያው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1973 በካናዳ ኩቤክ ተመሥርቷል። በፈረንሳይ በዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ትምህርት ክፍሎች ውስጥ የሦስት ዓመት ዲግሪ ይሰጥበታል፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህም የረዥም ጊዜ ሕመም ላለበት ሰው ሐኪሙ እንቅስቃሴን በወረቀት ማዘዝ፣ ባለሙያውም ያንን ትእዛዝ ተቀብሎ መሥራት ይችላል።

በሀገራችን ይህ ዘርፍ ብዙ አልተነገረለትም። የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ትምህርቱ ያስፈልገናል፤ ከሁሉ አስቀድሞ ከሚያስፈልግባቸው ቦታዎች አንዱም ቆቦና የራያ ቆላ ነው።

ከሥሮቹ አንዱን እንመልከት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በእንግሊዝ ሀገር ስቶክ ማንድቪል በተባለ ሆስፒታል አከርካሪያቸው የተጎዳ ወታደሮች ይታከሙ ነበር። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ በመኝታ ቁስልና በሽንት መስመር ኢንፌክሽን ይሞት ነበር። ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ግን ስፖርትን የሕክምናው አካል አደረጉት። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 1948 የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት 16 ጉዳተኞችን በቀስት ውርወራ አወዳደሩ። የዛሬው ፓራሊምፒክ የበቀለው ከዚያ ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ጀግናው አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹን ማንቀሳቀስ ሲሳነው የታከመው በዚሁ ሆስፒታል ነው። የማራቶኑ ንጉሥ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት መወርወር ተማረ፤ በ1962 ዓ.ም በስቶክ ማንድቪል ውድድር ተሳተፈ፤ በቀጣዩ ዓመትም ኖርዌይ ድረስ ተጉዞ በበረዶ ላይ በተንሸራታች ተወዳድሮ አሸነፈ። የአበበን ብርታት ሁላችንም እናደንቃለን። ከብርታቱ ጎን ግን የትኛው እንቅስቃሴ ለየትኛው አካል እንደሚስማማ የሚያውቁ ባለሙያዎች ነበሩ። ትዕግስት ገዛኸኝ በ2013 ዓ.ም በቶኪዮ ፓራሊምፒክ በ1500 ሜትር ለሀገራችን የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ስታመጣም ያየነው፣ አቅም ካልጠፋ ሰው መንገዱ ከተመቻቸለት የት እንደሚደርስ ነው።

አሁን ወደ ቆቦ እንመለስ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል በተካሄደው ጦርነት ቆቦና አካባቢው የጦር ሜዳ ሆነው ነበር። ጦርነት ከመቃብር ሌላ ጥሎት የሚሄደው ነገር አለ፦ የተቆረጠ እግር፣ የማይታጠፍ ጉልበት፣ የተጎዳ አከርካሪ። ሰው ሠራሽ እግር ለማግኘት የራያ ሰው ወደ 170 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደሴ ወደሚገኘው የአካል ተሃድሶ ማዕከል መሄድ ይችላል። እግሩን ገጥሞ ከተመለሰ በኋላ ግን ማን ይከታተለዋል?

አንድ እግሩ ከጉልበት በላይ የተቆረጠ ገበሬ እናስብ። ሰው ሠራሽ እግር አድርጎ መራመድ ከቀድሞው እጅግ የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። ያለ ልምምድ የወጣ ሰው ጥቂት እንደሄደ ይደክመዋል፤ «አልሆነልኝም» ብሎ እግሩን ጥግ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ማሽላ የሚጠበቅበት ማማ ላይ መውጣት ይቀራል፤ ገበያ መሄድ ይቀራል፤ ለቅሶ መድረስ ይቀራል። ከተቀመጠ ደግሞ ክብደቱ ይጨምራል፤ የደም ግፊትና ስኳር ይከተላሉ። ጥይቱ የወሰደው አንድ እግር ነበር፤ መቀመጡ የቀረውን ጤናውን ይወስዳል።

የቆላው ሙቀት ሌላ ጥያቄ ያመጣል። ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ላይ ባለ ሜዳ የተቀመጠች፣ ፀሐይዋ የበረታ ከተማ ናት። አከርካሪው ከፍ ካለ ቦታ የተጎዳ ሰው ከጉዳቱ በታች ያለው አካሉ እንደ ቀድሞው አያልብም። ላብ ካልወጣ ሰውነት አይቀዘቅዝም። ስለዚህ ለሌላው ሰው ደህና የሆነ የረፋድ እንቅስቃሴ እሱን ሊጥለው ይችላል። ሰው ሠራሽ እግር ያደረገው ሰው ደግሞ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ እግሩ በሚገባበት ማቀፊያ ውስጥ ላብ ይጠራቀምና ቆዳውን ያቆስለዋል። የስኳር ታማሚ ነርቩ ከተጎዳ በላስቲክ ጫማ ሲራመድ እግሩ ቢላጥም አይሰማውም። በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ፀሐይ ሥር የተቀመጡ ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያየ ትእዛዝ ይፈልጋሉ። ትምህርቱ የሚያስተምረው ይህንን መለየት ነው።

«ገበሬ ሲቆፍርና ሲያርም ይውላል፤ ምን የአካል እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጤነኛውን ገበሬ ስፖርት ሥራ ብሎ ማስቸገር አያስፈልግም። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ጎንብሶ ማረም ወገብን ያደክማል እንጂ የተጎዳን ጉልበት አያስተካክልም፤ ስትሮክ የመታውን እጅም አያለማምድም። ሥራና የተመጠነ እንቅስቃሴ ይለያያሉ። ሥራ ማሳው የሚጠይቀው ነው፤ የተመጠነ እንቅስቃሴ አካሉ የሚጠይቀው ነው። በዚያ ላይ በቆቦ ከተማ ያለው ነጋዴ፣ ሾፌርና የቢሮ ሠራተኛ ውሎው ከአዲስ አበባው ሰው ብዙም አይለይም።

«የፊዚዮቴራፒ ባለሙያስ ምን ይሠራል?» የሚልም ይኖራል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሙያ በዲግሪ ያሰለጥናል፤ ምሩቃኑም ትልቅ ሥራ ይሠራሉ። ፊዚዮቴራፒስቱ የተጎዳውን መገጣጠሚያና ጡንቻ ወደ ሥራው ይመልሳል። እኔ የምናገርለት ባለሙያ ደግሞ ታካሚውን ከሆስፒታል በር ተቀብሎ፣ በሰፈሩ፣ ከመሰሎቹ ጋር፣ ለወራትና ለዓመታት የሚያንቀሳቅሰው ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ትምህርቱን የመረጠ ወጣት ምን ይማራል? የሰውነትን አሠራርና የእንቅስቃሴን ሳይንስ ይማራል። ሥር የሰደዱ ሕመሞችንና የአካል ጉዳት ዓይነቶችን ያጠናል። ሰውን ከማንቀሳቀሱ በፊት አቅሙን መለካት ይለማመዳል። ለምሳሌ በ6 ደቂቃ ውስጥ ታካሚው ምን ያህል ሜትር እንደሚራመድ መለካት በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ፈተና ነው፤ የሚጠይቀውም 30 ሜትር ደልዳላ ቦታና ሰዓት ነው። ሥነ ልቦናም ይማራል፤ ምክንያቱም እግሩን ያጣ ሰው ቀድሞ የሚሰበረው ሞራሉ ነው። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የራያ ሰው በትከሻው የሚያነግተው ዱላ ለትከሻ ማፍታቻ ይሆናል። የራያ ጭፈራ ልብን የሚያሠራ እንቅስቃሴ ነው፤ መቆም ለማይችለው ተቀምጦ በእጅና በትከሻ እንዲጨፍር ማድረግ ይቻላል። የአካባቢው ልጅ ይህን ከሌላው ይልቅ ያውቀዋል።

ይህን ለመጀመር ከባዶ መነሳት አይጠበቅብንም። ከቆቦ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍልም የጤና ሳይንስ ኮሌጅም አለው። በከተማዋ በ2009 ዓ.ም የተመረቀ ትልቅ ስታዲየም ቆሟል። የስፖርት ሳይንስ ተማሪው እንቅስቃሴን ያውቃል፤ ታካሚን ግን አያገኝም። የጤና ተማሪው ታካሚን ያገኛል፤ እንቅስቃሴን መመጠን ግን ዋና ትምህርቱ አይደለም። ሁለቱን የሚያገናኝ የጋራ ኮርስና የጋራ የተግባር ልምምድ ቢጀመር፣ ተማሪዎቹ በወልዲያና በቆቦ ሆስፒታሎች የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ቀን ቢገኙ፣ ስታዲየሙም በሳምንት አንድ ማለዳ ለታካሚዎች ቢከፈት፣ የዲግሪ መርሐ ግብሩ መሠረት ተጣለ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ የሥራ ነው። አንድ አባት ልጃቸው በዚህ ዘርፍ እንዲማር ብመክራቸው «ተመርቆ የት ይቀጠራል?» ይሉኛል፤ ቢሉም አልፈርድባቸውም። በጤና ተቋማት የሥራ መደብ ሳይኖር ወጣቱን «ተማር» ማለት ዲግሪ አሸክሞ ቤት ማስቀመጥ ይሆናል። ስለዚህ ትምህርቱና የሥራ መደቡ አብረው መታሰብ አለባቸው። ለእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ በአንዴ ይመደብ አልልም። በየወረዳው ሆስፒታል አንድ ባለሙያ ቢኖርና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ቢያግዝ ለመጀመሪያው ይበቃል። ሕጉም ከጎናችን ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት አቅሙ በፈቀደ መጠን ሀብት እንዲመድብ ይላል። ሀገራችን በ2002 ዓ.ም ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ስለ ተሃድሶና ስለ ስፖርት ተሳትፎ በግልጽ ይደነግጋል።

ባለሙያው እስኪመጣ ድረስ ግን ቁጭ ብለን አንጠብቅ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል፤ ሥር የሰደደ ሕመምና የአካል ጉዳት ያለባቸውንም በምክሩ አካቷል። ያን ያህል ለማይችል ሰው ጥቂቱም ከምንም ይሻላል። ስለዚህ ከሐኪምዎ ጋር ተማክረው የሚከተሉትን ይጀምሩ።

በቆላ የሚኖሩ ከሆነ ፀሐይ ሳትበረታ፣ በማለዳ ወይም ወደ ማታ ይራመዱ፤ ውኃ ይያዙ። ልኩን ለማወቅ እየተራመዱ ያውሩ፤ ማውራት ከቻሉና መዝፈን ካቃተዎ መካከለኛ እንቅስቃሴ ማለት ያ ነው። ማውራት ካቃተዎ ቀነስ ያድርጉ። መራመድ የሚከብድዎ ከሆነ መደብ ወይም ወንበር ላይ ተቀምጠው መነሳትን ይለማመዱ፤ በ5 ጀምረው ቀስ በቀስ ይጨምሩ። የስኳር ሕመም ካለብዎ ከእንቅስቃሴ በፊትም በኋላም እግርዎን ይመልከቱ፤ በባዶ እግር አይሂዱ፤ ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ባዶ ሆድ አይውጡ፤ በኪስዎ ስኳር ወይም ከረሜላ ይያዙ። የደም ግፊት ካለብዎ ከባድ ነገር ሲያነሱ ትንፋሽ አይያዙ። ሰው ሠራሽ እግር ያደረጉ ሰዎች ማቀፊያውን አውልቀው ላቡን ያድርቁ፤ ቆዳቸው ከቀላ ያሳርፉት። ደረት ላይ ሕመም፣ ማዞር ወይም ከወትሮው የተለየ የትንፋሽ ማጠር ከተሰማዎ ወዲያው ያቁሙና ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

የ12ኛ ክፍል ትምህርታችሁን ጨርሳችሁ የትምህርት ክፍል ለመምረጥ የምትጠባበቁ የራያ ልጆችም ይህን ዘርፍ ስሙን ያዙት። ስለ ትምህርቱ ጠይቁ፤ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲከፍቱትም ወትውቱ። ነጭ ጋወን የለበሰ ሁሉ የሚያክመው ተኝቶ ያለውን ነው፤ የተነሳውን ሰው እንዳይወድቅ የሚይዘው እጅ ግን አሁንም ይጎድለናል።