ሰይፍ ጠመንጃን ሲያሸንፍ

አንባቢዬ ሆይ፤ ሰይፍ የያዘ አንድ ጐበዝ ጠመንጃ የታጠቁ አርባ ሰዎችን ሲያጭድ በሲኒማ አይተህ ወይም በልብ ወለድ መጽሐፍ አንብበህ ደስ ብሎህ ይሆናል። እኔም በቅርቡ ከጐረቤት ልጆች ጋራ ተቀምጬ እንዲህ ያለውን ሲኒማ አየሁ። ጥይቱ እንደ በረዶ ሲዘንብ ጐበዙን አንድም ሳይነካው ቀረ። «ያ ሁሉ ጥይት ወዴት ሄደ?» ብዬ ብጠይቃቸው ሳቁብኝ፤ «አባባ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው!» አሉኝ። መልሳቸው እንቅልፍ ነሣኝ፤ ስለዚህ ዛሬ ልከራከረው ተነሣሁ።

ሰይፍና አስማት ያሉበትን ተረት አልጠላም። የምጠላው ዋጋ ያልተከፈለበትን ድል ነው። ደራሲ ሰይፍን በጠመንጃ ላይ ሊያሠለጥን ቢወድ ሕግ ያውጣ፤ ባወጣውም ሕግ ራሱ ይገዛ። አሜሪካዊው ፍራንክ ኸርበርት በ1965 ዓ.ም. በኤውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው «ዲዩን» በተባለው መጽሐፉ እንዲህ አደረገ። በዚያ ዓለም ተዋጊው የማይዳሰስ ጋሻ በገላው ዙሪያ አለው፤ ጋሻውም ፈጥኖ የሚመጣውን ጥይት ይመልሳል፣ ቀስ ብሎ የሚገባውን ጩቤ ግን ያሳልፋል። እንግዲህ ጩቤ የነገሠው በምክንያት ነው፤ ተዋጊውም እጁን ማዘግየት እስኪለምድ ድረስ በብርቱ ይማራል።

ሕግ ማውጣት ያልወደደ ደግሞ እውነቱን ይናገር። ጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ በ1954 ዓ.ም. በዚያው አቆጣጠር ባወጣው «ሰባቱ ሳሙራይ» በተባለው ሲኒማ፣ ገበሬዎችን ከወንበዴ ለማዳን ከቆሙት ከሰባቱ ሰይፈኞች አራቱ ይሞታሉ፤ አራቱንም የሚገድላቸው ጥይት ነው። ከነርሱም አንዱ በሰይፍ ጥበብ የሚወዳደረው ያልተገኘ ሰው ነበር። ወንበዴዎቹ የነበሯቸው ጠመንጃዎች ግን ሦስት ብቻ ናቸው። ተመልካቹ በዚህ ምክንያት ሰይፈኛውን አይንቀውም፤ አብልጦ ያከብረዋል እንጂ።

«ልብ ወለድ ነውና ማን ያምነዋል?» ለሚለኝ የምሥራቅ አፍሪካን ታሪክ አስታውሰዋለሁ። በ1905 ዓ.ም. በኤውሮፓ አቆጣጠር፣ ዛሬ ታንዛንያ በምትባለው አገር ጀርመኖች ሕዝቡን በግዳጅ ጥጥ ቢያስዘሩት፣ ኪንጂኪቲሌ የተባለ ሰው ጥይትን ውሃ ያደርጋል ያለውን መድኃኒት አደለ። ሕዝቡ ሞኝ አልነበረም፤ ግፉም ጀግንነቱም እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ጦርና ቀስቱን ይዞ፣ መድኃኒቱን ተማምኖ በማሄንጌ በመትረየስ ፊት ቆመ፤ ጥይቱም ጥይት ሆኖ ቀረ። ጦርነቱና ተከትሎት የመጣው ራብ ከ75,000 የማያንስ ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል።

ያን እምነት ሲኒማ አላመጣውም፤ ጭንቀት አመጣው እንጂ። ያው ምኞት ግን በያንዳንዳችን ልብ አለ፤ በተጨነቅን ቀን ያለ ልፋትና ያለ ስንቅ መዳንን እንመኛለን። ዋጋ የሌለው ድል የሚጽፍ ደራሲ ይህን ምኞት ይቀልበዋል። የኛ አባቶች ጸሎትም ጐራዴም ነበራቸው፤ ምኒልክ ግን በ1888 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር አድዋ ላይ የተገኙት ብዙ ዘመን ጠመንጃ ሲገዙና ሲያከማቹ ቆይተው ነው። ታቦት ይዘን ወጣን ብለው ጠመንጃውን ቤት አልተዉም።

ስለዚህ ልጄ ሆይ፤ መጽሐፉንም አንብብ፣ ሲኒማውንም እይ። ጐበዙ በሰይፍ ባሸነፈ ጊዜ ግን «ጥይቱ ወዴት ሄደ?» ብለህ ጠይቅ። ደራሲው መልስ ካለው አክብረው፤ ከሌለው ግን ስለ ሞት ዋሽቶሃልና አትመነው። ጥይት ወዴት እንደሚሄድ ልጆቻቸውን የቀበሩ እናቶች ያውቁታል።