ስለ ሎተሪ ገንዘብና ስለ ሕዝብ ጥቅም

ዕጣ መጣል በአገራችን ሰው ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። ኢያሱ ምድረ ርስትን ለነገደ እስራኤል በዕጣ እንዳከፋፈለ፤ ሐዋርያትም በይሁዳ ስፍራ ማትያስን በዕጣ እንደ ተቀበሉ ሊቃውንቶቻችን ዘወትር ያስተምራሉ። በዕቁብም ቢሆን ተራው የማን እንደ ሆነ የሚታወቀው በዕጣ ነው። ነገር ግን ዕቁብተኛው ዕጣው ቀድሞ ቢወጣለት ወይም ዘግይቶ ቢደርሰው ያገባውን ያህል ይቀበላል እንጂ አይከስርም። በሎተሪ ግን ጥቂቱ ሰው የሚያገኘው ብዙው ሰው ካጣው ላይ ነው። እንግዲህ መንግሥት ይህን የመሰለውን ዕጣ ራሱ አትሞ የሚሸጥበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ፤ ከዚያም የሚተርፈው ገንዘብ ወዴት እንደሚደርስ መመርመር ተገቢ ነው።

በአዲስ አበባ ምዕራብ በኮልፌ 18 ማዞሪያ ጥቂት ጊዜ ቆሞ የተመለከተ ሰው የነገሩን መጀመሪያ በዐይኑ ያያል። ታክሲ ከሚጠበቅበት ስፍራ አጠገብ ሎተሪ አዟሪው ትኬቱን ደርድሮ ይዞ ይዞራል። ቆሞ ቁጥር የሚመርጠው ባለጠጋው አይደለም፤ የቀን ሠራተኛው ነው፤ ዘበኛው ነው፤ የጉልት ነጋዴዪቱ ናት። አዟሪውም ራሱ ብዙ ጊዜ ሌላ ሥራ ለማግኘት የተቸገረ፣ አንዳንዱም አካሉ የተጎዳ ሰው ነው። ከሚሸጠው ላይ በሚታሰብለት ድርሻ ቤተ ሰቡን ያስተዳድራል። ስለዚህ ሎተሪ ለሕዝብ አደረገ የሚባለው የመጀመሪያው በጎ ነገር ከማንም ሹም ጽሕፈት ቤት ሳይደርስ በመንገድ ዳር የተፈጸመ ነው፤ ይህንም አሳንሶ ማየት አይገባም። በእስጳንያ አገር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው ኦንሴ የሚባለው የዐይነ ስውራን ማኅበር አባሎቹን ከልመና ያወጣው ይህንኑ የመሰለ የዕጣ ትኬት እንዲሸጡ በማድረግ ነው።

የእኛ ብሔራዊ ሎተሪ በአዋጅ ቆመ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መንግሥት ቢለዋወጥም የሎተሪው ሥራ አልተቋረጠም፤ ከሦስቱ መንግሥታት በአሳብ የሚስማሙ ባይኖሩም ሎተሪን ለመሸጥ ሁሉም ተስማምተዋል። ዛሬም የኢትዮጵያ ሎተሪ አገልግሎት ተብሎ በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሥር ካሉት የመንግሥት ድርጅቶች አንዱ ሆኗል። የሚያወጣቸውም ዕጣዎች እንቁጣጣሽ፣ የገና ስጦታ፣ ትንሣኤ የሚሉ የበዓል ስሞች አሏቸው። የጌታ ትንሣኤ በትኬት ላይ መጻፉን ካህናቱ እንዴት አድርገው በዝምታ እንዳለፉት ያስደንቃል።

መንግሥት ከዚህ ዕጣ በሁለት መንገድ ይጠቀማል። አንደኛው ከትኬቱ ሽያጭ ወጪውና ሽልማቱ ተነሥቶ የሚተርፈው ነው። ሁለተኛው ከባለዕድሉ የሚነሣው ግብር ነው፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከ1,000 ብር በላይ በሆነ ዕድል ላይ 15 በመቶ ጥሎበት ነበር። ሁለቱም ከሌላው የመንግሥት ገንዘብ ጋር ሲደባለቁ፣ ከዚያ በኋላ የትኛው ብር መንገድ እንደ ጠረገ፣ የትኛው ብር ለሐኪም ቤት መድኃኒት እንደ ገዛ ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

በዚህ ነገር አንድ የገንዘብ ሹም እንዲህ ብሎ ሊመልስ ይችላል። የመንግሥት ግምጃ ቤት የሕዝብ ስለ ሆነ ገንዘቡ ከገባ ለሕዝብ ደረሰ ማለት ነው፤ እያንዳንዱን ገቢ ለየሥራው ማሰር የበጀቱን እጅ ማሰር ነው ይላል። አነጋገሩ ስለ ግብር ቢሆን እውነት ነው። ግብር ግን እንደ አቅም ይከፈላል፤ ብዙ ያለው ብዙ ይከፍላል። የሎተሪ ትኬት ዋጋው ለባለጠጋውም ለድኻውም አንድ ነው፤ አብዝቶ የሚገዛውም ሌላ ተስፋ ያጣው ነው። በግብር መልክ ብንለካው ከታች ባለው ሰው ትከሻ ላይ እጅግ የሚከብድ ግብር ነው። በዚህ መንገድ የተሰበሰበ ገንዘብ ወደ ሰጪው ሰፈር ተመልሶ ካልታየ ከድኻ ወስዶ ለሁሉ ማካፈል ይሆናል። የካህናት አለቆች ይሁዳ የመለሰውን ብር ወደ መባ ሣጥን ማግባትን እንቢ ብለው የእንግዶች መቃብር የሚሆን መሬት እንደ ገዙበት አንባቢዎቻችን ያውቃሉ፤ ምሳሌው ለሎተሪ ከባድ ቢሆንም የገንዘብ አመጣጥ አወጣጡን ሊወስን እንደሚችል ያሳያል።

ዓላማው አስቀድሞ የተነገረ ዕጣ ሌላ መልክ አለው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ለተጣለው ለታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ቶምቦላ ተዘጋጅቶ ነበር፤ በ8100 በተንቀሳቃሽ ስልክ መልእክት በመላክም ሕዝቡ ዕጣ እየተጠባበቀ ገንዘብ አዋጥቷል። ዕጣው ያልወጣለት ሰው ብሬ ጠፋ አላለም፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅ እኔም በዚህ ውስጥ አለሁበት ለማለት ችሏል።

በእንግሊዝ አገር ይህ ነገር በሁለት ዘመን ተፈትኗል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ18ኛው መቶ ዓመት የለንደኑ የዌስትሚንስተር ድልድይ ከፊል ወጪና የብሪቲሽ ሙዚየም መቋቋሚያ የተገኘው ከሎተሪ ነበር። ሆኖም ማጭበርበሩና የድኻው ጉዳት እየበዛ ስለ ሄደ የመንግሥቱ ሎተሪ በ1826 ዓ.ም. ቀረ። በ1994 ዓ.ም. እንደገና ሲጀመር ግን ለበጎ ሥራ የሚመደበው ድርሻ በሕግ ተለይቶ ለብቻው ይቀመጣል፤ ለማን፣ በየት ቦታ፣ ምን ያህል እንደ ተሰጠም በይፋ ይታተማል። መንግሥትም በራሱ በጀት ሊሠራው የሚገባውን በዚህ ገንዘብ እንዳይተካው ጥንቃቄ ይደረጋል። ይህ የመጨረሻው ቁም ነገር ከሁሉ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ለትምህርት ቤት ከሎተሪ አንድ ብር ተሰጥቶ ከበጀቱ አንድ ብር ቢቀነስ ትምህርት ቤቱ ያገኘው ምንም የለም።

ቁጥጥር ሲላላ የሚመጣው ምን እንደ ሆነ በቅርቡ አይተናል። የስፖርት ውርርድ ቤቶች በፈቃድ ተከፍተው በየመንደሩ ከበዙ በኋላ ብዙ ወጣት ጊዜውንና ገንዘቡን በዚያ ጨረሰ፤ በ2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ቤቶቹን እስከ መዝጋት ደረሰ። ፈቃድ ሰጪውም ዘጊውም የመንግሥት ክፍል መሆኑን ልብ ይሏል።

ሎተሪውን ፈጽሞ ይቅር ለማለት አይደለም። ቢቀር በድብቅ የሚያጫውተው ቁማርተኛ ቦታውን ይወርሳል፤ አዟሪውም እንጀራውን ያጣል። ነገር ግን ድርጅቱ እንደ ንግድ ቤት በትርፉ ብቻ መመዘን ከጀመረ ብዙ ትኬት መሸጥ ራሱ ዓላማ ይሆናል። ስለዚህ ከትርፉ የተወሰነ ድርሻ በደንብ ተለይቶ ትኬቱ በብዛት ለሚሸጥበት ሰፈር እንዲመለስ ማድረግ ይቻላል፤ ሎተሪ አዟሪዎቹም ሲታመሙ የሚታከሙበት፣ ሲያረጁ የሚረዱበት መዋጮ ከዚሁ ቢጀመር መልካም ነው። እያንዳንዱ ዕጣ ከመሸጡ በፊት ለምን ሥራ እንደሚውል በትኬቱ ጀርባ ይታተም። ዕጣው በሕዝብ ፊት እንደሚወጣ ሁሉ የተሠራበትም ሒሳብ በየዓመቱ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ የ18 ማዞሪያው ዘበኛም ሲያልፍ ቆሞ ያንብበው።