ኢንተርፕረነርሺፕን ከአምቢኮዋ በቅሎ ብንጀምርስ?

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፤ ጊዜ ያላችሁ አንብቡልኝ። በተለይ ኢንትሮዳክሽን ቱ ቢዝነስን ወይም ኢንተርፕረነርሺፕን እኔ ጋ የተማራችሁ ልጆች፣ ይሄ ጽሑፍ ለእናንተ በከፊል የይቅርታ ደብዳቤ ነው።

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። አሁን እሱም መምህር ሆኗል። እንደምታውቁት ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያ ዓመት ከሚወስዳቸው የጋራ ኮርሶች አንዱ ኢንተርፕረነርሺፕ ነው፤ ይህ ኮርስ ለእሱ ተሰጥቶታል። "መምህር፣ ከየት ልጀምር?" ይላል። ልመልስለት ቁጭ ስል፣ ከብዙ ዓመት በፊት ለሌላ ልጅ የሰጠሁት አንድ ሲ ትዝ አለኝ።

ልጁ የአምቢኮ ልጅ ነበር። ለማታውቁት፣ አምቢኮ ራስ ዳሽን የሚወጣ ተጓዥ የመጨረሻውን ሌሊት የሚያድርባት መንደር ናት። ከደባርቅ ተነስቶ ጨነቅ ይደርሳል፣ ከ4400 ሜትር በላይ የሆነውን ቧሂትን ያልፋል፣ ወደ መሸሃ ወንዝ ቁልቁል ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣና አምቢኮ ይገባል። ድንኳኑን፣ ምግቡንና ምጣዱን ይዛ ይህንን ሁሉ ዳገት የምትወጣው በቅሎ ናት። የልጁም አባት ሥራ ይኸው ነበር፤ ገብስ ያርሳል፣ ፈረንጅ ሲመጣ በበቅሎው ዕቃ ይጭናል።

የቢዝነስ ፕላን ጻፉ ብዬ አሳይመንት ሰጠሁ። ክፍሉ በሙሉ ማለት ይቻላል ካፌ፣ የውሃ ፋብሪካ፣ የኮስሞቲክስ ሱቅ ይዞ መጣ። ሁሉም አትራፊ ነው፤ ሁሉም በሦስተኛው ዓመት ካፒታሉን እጥፍ ያደርጋል! ያ ልጅ ግን በእጁ ጽፎ ያመጣው የአባቱን በቅሎ ሂሳብ ነበር። መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ ኪሳራ ነው። እኔም በቀይ እስክሪብቶ "የቢዝነስ ፕላን ትርፍ ማሳየት አለበት፤ ፎርማቱንም አልጠበቅክም" ብዬ ጽፌ ሲ ሰጠሁት።

አሁን እስኪ አብረን እንይው። እሱ የጻፋቸውን ቁጥሮች አላስታውስም፣ ዋጋውም ተለውጧል፤ ስለዚህ ለማሳያ የራሴን ልጠቀም። በቅሎዋ በ40,000 ብር ተገዛች፣ 8 ዓመት ትሠራለች እንበል። በዓመት 60 ቀን ሥራ ታገኛለች፤ በቅሎዋና አብሯት የሚሄደው ሰው አንድ ላይ በቀን 500 ብር። ገቢው 30,000 ነው። መኖ 12,000፣ ገመድ፣ ጭነት መጫኛና መድኃኒት 1,500። 16,500 ተረፈ ማለት ነው።

አብዛኞቻችን እዚህ ላይ እናቆማለን። ልጁ ግን አላቆመም። 40,000ውን ለ8 ዓመት አካፍሎ የእርጅና ቅናሽ 5,000 ቀነሰ። 11,500 ቀረ። ከዚያ አባቱ የሠራበትን ቀን ቆጠረ። 60 ቀን ብቻ አይደለም፤ ጭነት አራግፎ ባዶውን ወደ ቤቱ የሚመለስበት 20 ቀን አለ፣ ለእሱ ማንም አይከፍለውም። 80 ቀን በ150 ብር የቀን ሥራ ዋጋ ቢታሰብ 12,000። ኪሳራ፣ 500 ብር!

ከሥሩ ደግሞ አንድ ነገር ጽፎ ነበር፤ እሱን አልረሳሁትም። "ላም ስታረጅ ጥጃዋ ትተካታለች፤ በቅሎ ግን አትወልድም፣ ስለዚህ መተኪያዋን ባለቤቷ ማስቀመጥ አለበት" ይላል። እኔ የእርጅና ቅናሽን ስንት ጊዜ በስላይድ አስተምሬ፣ እንዲህ አድርጌ አስረድቼ አላውቅም።

ወረቀቱን ስመልስለት ቢሮዬ መጣ። ስለ ውጤቱ አልተከራከረም። "መምህር፣ እንደዚህ ከሆነ አባባ ለምን አይሸጣትም?" ነው ያለኝ። እኔ ምን አልኩ? "እሱ ሌላ ቻፕተር ላይ ይመጣል።" በእውነቱ መልሱን አላሰብኩበትም ነበር።

መልሱ እኮ ኮርሱ ራሱ ነው። 150 ብር የቀን ሥራ አምቢኮ ውስጥ በየቀኑ ይገኛል ወይ? ካልተገኘ የአባቱ ጊዜ ኦፖርቹኒቲ ኮስት 150 አይደለም፤ ያነሰ ነው፣ በእርሻ ወቅት ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። በቅሎዋ ገብስ ወደ ገበያ ትወስዳለች፣ መኪና በማይገባበት መንገድ የታመመ ሰው ታወርዳለች፤ ይሄ ሁሉ ሂሳቡ ውስጥ አልገባም። ጥሬ ብር የምታስገኝ እሷ መሆኗም አንድ ነገር ነው። ግን ባዶ የሚመለስበት 20 ቀን ዋጋው ውስጥ መግባት ነበረበት፤ ይሄ ደግሞ የፕራይሲንግ ትምህርት ነው። አንድ የልጅ ጥያቄ የአንድ ሴሚስተር ትምህርት ይዞ መጥቶ እኔ በፎርማት መለስኩት።

ሌላውንም ምዕራፍ ብታዩ እንዲሁ ነው። ቋሚ ወጪና ተለዋዋጭ ወጪ? በ2012 ወረርሽኙ፣ በ2013 ጦርነቱ መጣ፣ ተጓዥ ቀረ፤ በቅሎዋ ግን ትበላለች። የቢዝነስ አካባቢ የሚባለው? ስሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር በአንድ ዓመት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነ፤ ከ1996 እስከ 2017 ደግሞ አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆየ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ የግጦሽ ጫና ነበር። ተጓዡ የሚመጣው ሣሩና ዋልያው ስለተጠበቀ ነው፤ በቅሎዋ የምትበላው ደግሞ ሣር ነው። ይሄንን ግጭት የሚያህል ምሳሌ ከየትኛው የውጭ መጽሐፍ ነው የምናመጣው? ፋይናንስ ከሆነ ዕቁብ አለ፤ በቡድን ዋስትና ያበድር የነበረው፣ ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው አብቁተም አለ። ተማሪው እነዚህን ከቤቱ ያውቃቸዋል፤ ስማቸውን ብቻ ነው ያላወቀው።

"መምህር፣ ተማሪው እኮ ዓለም አቀፍ ምሳሌም ያስፈልገዋል፣ ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው" የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ። ሞጁሉ ይቃጠል አላልኩም። ስለ ቶዮታም ይማር፤ ግን በቅሎዋን አስልቶ ከጨረሰ በኋላ ቢሆን ቶዮታም ይገባዋል። ሌላም ልጨምር፤ የቤታችን ሁሉ ነገር ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። ዕቁብ በእምነት የቆመ ነው፣ ሰብሳቢው ቢከዳ የሚያዝ ወረቀት ብዙ ጊዜ የለም። በአዲሱ የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር ማቋቋም ይችላል፤ ንግዱ ቢከስር በመርህ ደረጃ ቤቱና በሬው አብረው አይሄዱም። ይሄንን የማያውቅ ነጋዴ ስንት ነው? ልጁ ከቤቱ የያዘውንም፣ ቤቱ የሌለውንም ማግኘት አለበት።

ስለዚህ ለዚያ መምህር የመለስኩለት ይሄ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ስላይድ አትክፈት። እያንዳንዱ ተማሪ ቤቱ ደውሎ ቤተሰቡ ብር የሚያገኝበትን አንድ ነገር ይጠይቅ፤ ጠላ ይሁን፣ በግ ይሁን፣ ድንች ይሁን፣ ኪዮስክ ይሁን። ገቢና ወጪውን ይጻፍ። ከዚያ እናቱ ጌሾ ስትወቅጥና ጠላ ስትጠምቅ የዋለችበትን ቀን ወጪ ብሎ ይመዝግብ። ብዙው ቤት ውስጥ ቁጥሩ ይቀየራል። በሁለተኛው ሳምንት የእንግሊዝኛውን ስም ስጠው። ኪሳራ ይዞ የመጣውን ልጅ ደግሞ በምንም ዓይነት ማርክ እንዳትቀንስበት።

ይሄንን ከላክሁ በኋላ ያንን የአምቢኮ ልጅ አፈላልጌ ደወልኩለት። ደህና ነው፣ ሥራ ላይ ነው። ሲውን ሳነሳበት ሳቀ፤ "ረስቼዋለሁ እኮ መምህር" አለኝ። ስለ በቅሎዋ ጠየቅሁት። ሞተች። አባቱ በጎቹን ሸጦ፣ የጎደለውን ከወንድሙ ተበድሮ ሌላ ገዛ። መተኪያ የተቀመጠ ብር አልነበረም።

ልጁ ያንን በወረቀት ላይ አውቆት ነበር። ያን ቀን ቢሮዬ ቁጭ ብለን "እንግዲያው በየዓመቱ ይህን ያህል ለማስቀመጥ ምን ይደረግ? በዕቁብ ይሆናል? ከጭነቱ ዋጋ ላይ ይጨመራል?" ተባብለን ቢሆን ኖሮ፣ ምናልባት በክረምት ቤቱ ሄዶ ለአባቱ የሚነግረው ነገር ይኖረው ነበር። እኔ የሰጠሁት ግን ፎርማት ነው። ግሬዱን አሁን ማረም አልችልም፤ በስልክ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ እናንተስ? ቤታችሁ የነበረውን ሥራ አስልታችሁ ታውቃላችሁ? ክፍል ውስጥ ጠይቃችሁኝ "ሌላ ቻፕተር ላይ ይመጣል" ያልኳችሁ ነገር ካለም ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ዘግይቼም ቢሆን እመልሳለሁ።

መልካም ሰንበት።