ለፀጉራችን የምንጨነቀውን ያህል ለልባችን እንጨነቃለን? ከአንጋፋ የሮክ ሙዚቀኞች የምንማረው

ዛሬ ትንሽ ወጣ ያለ ርዕስ ይዤ መጥቻለሁ፤ ስለ አንጋፋ የሮክ ሙዚቀኞችና ስለ ፀጉራቸው። «ዶክተር፣ ይሄ ከጤና ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

በ1960ዎቹና በ70ዎቹ (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በእንግሊዝና በአሜሪካ ረጅም ፀጉር የሮክ ሙዚቃ መታወቂያ ነበር። በዘር የሚመጣ የወንዶች ራሰ በራነት ግን ዝነኛና ተራ ሰው አይለይም። ከወንዶች ግማሽ ያህሉ 50 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ይብዛም ይነስም ፀጉራቸው ይሳሳል። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ምን አደረጉ?

አንዳንዶቹ ታገሉት። ኤልተን ጆን ፀጉሩ መሳሳት የጀመረው ገና በወጣትነቱ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የፀጉር ንቅለ ተከላ አሠራ። የዚያን ጊዜው ዘዴ ብዙ ፀጉር ያለበትን ቆዳ ቆርጦ መትከል ስለነበር እንደ ዛሬው የተፈጥሮ አይመስልም፤ እሱም በውጤቱ አልተደሰተም። ለዓመታት በኮፍያ ሸፈነው፣ በኋላም ሰው ሠራሽ ፀጉር ማድረግ ጀመረ። በ2019 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ይህን ሁሉ ራሱ ሳይደብቅ ጽፎታል።

አንዳንዶቹ ተዉት። ፒተር ጋብሪኤልና ፊል ኮሊንስ በተለያየ ጊዜ የጀነሲስ ባንድ ድምፃዊ የነበሩ ናቸው፤ ሁለቱም ፀጉራቸው ሄዷል። ኮሊንስ በ1980ዎቹ ዝናው ጣሪያ ሲነካ ግንባሩ እየሰፋ መሆኑን ዓለም ሁሉ ያይ ነበር። አልበሙን ከመግዛት የተመለሰ ሰው ግን አልነበረም።

አንዳንዶቹ ደግሞ ቀድመው ተላጩት። የጁዳስ ፕሪስቱ ሮብ ሃልፎርድና የአር.ኢ.ኤም. ድምፃዊ ማይክል ስታይፕ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ሃልፎርድ የሚዘፍነው ሄቪ ሜታል ነው፤ ፀጉር ማስረዘም እንደ ደንብ ልብስ የሚቆጠርበት ሙዚቃ!

እንደ ሐኪም ከሦስቱ መንገዶች አንዱንም አልነቅፍም። በዘር የሚመጣ ራሰ በራነት ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥል በሽታ አይደለም። መታከም የፈለገ ይታከም፣ መተው የፈለገ ይተው። «ወንድ ልጅ ስለ ፀጉሩ ይጨነቃል እንዴ?» ብሎ መሳለቅም ተገቢ አይመስለኝም። ጭንቀቱ እውነተኛ ነው።

የኔ ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ከነዚሁ ሙዚቀኞች መካከል ሦስቱን እንመልከት።

የሮሊንግ ስቶንስ መሪ ድምፃዊ ሚክ ጃገር በ75 ዓመቱም ፀጉሩ አልተነካም፣ መድረክ ላይ እንደ ወጣት ይሮጥ ነበር። በ2019 ግን የልብ ቫልቩ ችግር እንዳለበት ታወቀና ጉብኝቱን አቋርጦ ቫልቩ ተቀየረለት። በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ መድረክ ተመለሰ።

የኩዊን ጊታሪስት ብራያን ሜይ በዚያ በተንዠረገገ ጥቅጥቅ ፀጉሩ ይታወቃል። ከጊዜ በኋላ ሸበተ እንጂ አልረገፈም። በ2020፣ በ72 ዓመቱ፣ የልብ ድካም አጋጠመውና የጠበቡትን የልብ ደም ሥሮች ለመክፈት ሦስት ስቴንት ገባለት።

የኤሲ ዲሲው ብራያን ጆንሰን ያለ ኮፍያው አይታይም። ችግሩ ግን ከኮፍያው ሥር ሳይሆን ከጆሮው ውስጥ ነበር። በ2016 ሐኪሞቹ መድረክ ላይ ከቀጠለ ሙሉ በሙሉ መስማት ሊያቆም እንደሚችል ስላስጠነቀቁት ጉብኝቱን ለማቆም ተገደደ።

አስተዋላችሁ? ሰው ሁሉ የሚያየው ፀጉርን ነው። የሚጎዳን እርጅና ግን በአብዛኛው መስታወት ላይ አይታይም። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብና የጆሮ ችግር ለዓመታት ድምፅ ሳያሰሙ ይቆያሉ። ፀጉሩ የሞላው ሰው «እኔ ገና ነኝ» እያለ ይዘናጋል፤ ፀጉሩ የሄደበት ደግሞ ገንዘቡንም ሐሳቡንም ቅባት ላይ ይጨርሳል። ሁለቱም ግፊታቸውን ሳይለኩ ዓመታት ያልፋሉ። የኔ አቋም ይህ ነው፦ ለፀጉር መድኃኒት ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግፊታችሁን ተለኩ፤ በተለይ 40 ዓመት ካለፋችሁ።

«እነሱ እኮ ሀብታም ናቸው፣ ሐኪም ቤታቸው ደጃፋቸው ነው» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ የቫልቭ ቅየራ ለሁሉም የሚደረስበት አይደለም። ግፊት መለካት ግን ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ለፀጉር ቅባት ከሚያወጣው ገንዘብ ያነሰ ያስወጣል። ግፊትን በጊዜ አውቆ መቆጣጠር ደግሞ ስትሮክን፣ የልብና የኩላሊት ጉዳትን ይከላከላል።

ለፀጉራችሁ መታከም ከፈለጋችሁ እነዚህን እወቁ፦

1. ሚኖክሲዲል የሚባለው የሚቀባ መድኃኒት ውጤቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው። መጀመሪያ ላይ ፀጉሩ ይበልጥ ሊረግፍ ይችላል። ሲያቆሙት የመጣው ፀጉር ተመልሶ ይሄዳል። ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡት።

2. ፊናስተራይድ የሚባለው እንክብል በሐኪም ትዕዛዝ ብቻ የሚወሰድ ነው። በአንዳንድ ወንዶች ላይ የወሲብ ፍላጎትን ይቀንሳል፣ ስሜትንም ያውካል። ከባድ ድብርት ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ አቁማችሁ ወዲያው ሐኪም አማክሩ። የፕሮስቴት የደም ምርመራን ውጤት ስለሚቀንስ መውሰዳችሁን ለሐኪማችሁ ንገሩ። ነፍሰ ጡር ሴት የተሰበረውን እንክብል መንካት የለባትም።

3. ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ ቅባት ራሳችሁ ላይ አታድርጉ። ቆዳው ቆስሎ ጠባሳ ከሆነ በዚያ ቦታ ፀጉር ዳግም ላይበቅል ይችላል።

ሁሉም የፀጉር መርገፍ ደግሞ በዘር አይደለም። በድንገት ከሆነ፣ ክብ ክብ እየሆነ ከረገፈ (ላሽ እንደምንለው)፣ ወይም ከድካምና ከክብደት ለውጥ ጋር ከመጣ ምርመራ ያስፈልገዋል። የደም ማነስና የታይሮይድ ችግር ፀጉርን ያረግፋሉ። ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት የሚከሰተው መርገፍ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይመለሳል፤ እናቶች አትደንግጡ። በጣም ጠብቆ የሚሠራ ሹሩባ ግን የፊት ፀጉርን ለዘለቄታው ሊያጠፋ ስለሚችል የሴት ልጆቻችሁን ፀጉር ላላ አድርጋችሁ ሥሩ።

ወላጆች፣ ሁለት ነገር ልጨምር። የሕፃን ልጃችሁ ራስ ላይ ፀጉሩ እየተሰበረ የሚቀርፍ ቦታ ካያችሁ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ይህ በሚቀባ ብቻ አይድንም፣ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ሁለተኛው የጆሮ ጉዳይ ነው። ልጆቻችሁ በጆሮ ማዳመጫ ሲሰሙ ድምፁ ከ60 በመቶ እንዳይበልጥ አድርጉ፣ በየመሃሉም ጆሯቸውን ያሳርፉ። በከፍተኛ ድምፅ የተጎዳ የውስጥ ጆሮ ሕዋስ መልሶ አይተካም። ጆንሰንን ያሰናከለው ጉዳት ለማንም የሚደርስ ነው፤ ሮከር መሆን አይጠይቅም።

ፀጉሩ የሳሳ ጎረምሳ ቤታችሁ ካለ ደግሞ «መላጣው» እያላችሁ አትቀልዱበት። ለእናንተ ቀልድ ነው፣ እሱ ግን ማታ መስታወት ፊት ቆሞ ያስበዋል። አጠገቡ ተቀመጡና አዋሩት፣ ከፈለገም ወደ ሐኪም ይዛችሁት ሂዱ።

መሸበትም ሆነ መመለጥ ያለ ነው፤ ዕድሜ ሰጥቶን ነው የምናየው። ዕድሜውን በጤና ለመኖር ግን ከመስታወቱ ሌላ የምንጠይቀው ያስፈልገናል። በዚህ ሳምንት በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ጎራ በሉና ግፊታችሁን ተለኩ። አባታችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ «እኔ ምንም አልሆንኩም» ቢላችሁም።

ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ለወዳጅ ዘመድም አጋሩት። መልካም ጤና!