ከንፈር ከመወጋቱ በፊትና ከተወጋ በኋላ

በዚህ ዓምድ ስለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ስለ ቤት ወረፋና ስለ ግብር ቅጽ ብዙ ተብሏል። ዛሬ ስለ ከንፈር ነው። "ይህ ሰውዬ ደግሞ ብሎ ብሎ ከንፈር ውስጥ ገባ?" የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ሰሞኑን ከሄግ አንዲት እናት ደውለው የነገሩኝ ነገር የሚያስቅ አይደለም። ልጃቸው "የኛው ልጅ ናት፣ እጇ ጥሩ ነው" በተባለች ሴት መኖሪያ ቤት፣ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ከንፈሯን በመርፌ አስሞላች። ማታውኑ የላይኛው ከንፈሯ ባንድ በኩል ክፉኛ ይቆጠቁጣት ጀመር። ምን ይሉኛል ብላ ክፍሏን ዘግታ በረዶ ስትይዝበት ሁለት ቀን አለፈ። ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ ቆዳው ቆስሎ ነበር። እናትየው "ማንን እንክሰስ?" አላሉኝም። "አስቀድመን ምን ማወቅ ነበረብን?" ነው ያሉት። የሚከተለው ለሳቸውና ለመሰሎቻቸው ነው።

ፊለር የሚባለው ከቆዳ ሥር ተወግቶ ቦታ የሚሞላ ነገር ነው። ለከንፈር በብዛት የሚውለው ሃያሉሮኒክ አሲድ የተባለ ንጥረ ነገር ያለበት ጄል ነው። ስሙ ያስፈራ እንጂ ባዕድ አይደለም፤ በቆዳችን፣ በመገጣጠሚያችንና በዓይናችን ውስጥ በተፈጥሮ አለ። እ.ኤ.አ. በ1934 ካርል ማየርና ጆን ፓልመር ኒውዮርክ በሚገኘው በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ የለዩት ከከብት ዓይን ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ይህ ነገር ውሃ ይስባል፣ የሳበውንም ይይዛል። ፋብሪካው ቶሎ እንዳይሟሟ እርስ በርሱ ያስተሳስረዋል። ባንድ ጊዜ የሚወጋው ብዙውን ጊዜ ግማሽ ወይም አንድ ሚሊ ሊትር ነው፤ አንድ ሚሊ ሊትር ማለት የሻይ ማንኪያ አምስተኛ እጅ ነው። ከንፈር ሲያወራና ሲበላ ስለሚውል ከሌላው የፊት ክፍል ፈጥኖ ይሟሟል፤ ስድስት ወር፣ ቢበዛ አንድ ዓመት ይባላል፤ ቅሪቱ ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል።

ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። ይህ ጄል ማርከሻ አለው። ሃያሉሮኒዴዝ የተባለ መድኃኒት ሲወጋበት ይቀልጣል። ከርሱ በፊት የነበሩት ይህ አልነበራቸውም። በ1899 ሮበርት ገርሱኒ የተባለ የቪየና ሐኪም ቫዝሊን መውጋት ጀመረ፤ ፓራፊኑም ተከተለ፤ ውሎ አድሮ ሰዎቹ ፊታቸው ላይ ጓጉሎ ቀረ። በኛም ዘመን "ለዘለዓለም የሚቆይ" እየተባለ ብዙ ዓይነት ተሸጧል። ከነዚህ አንዱ የሆነው ባዮ አልካሚድ እዚሁ ሆላንድ ብዙ ሰው ከተወጋው በኋላ፣ ከዓመታት ቆይታ በኋላ እብጠትና መግል ማምጣቱ ተመዝግቧል። መንግሥትም ከጥር 1 ቀን 2015 ጀምሮ የማይሟሟ ፊለር ለውበት ተብሎ እንዳይወጋ ከልክሏል። ስለዚህ ማንም "የኔ አይጠፋም፣ ገንዘብሽን አታባክኚም" ካለሽ፣ የተከለከለ ነገር እየሸጠልሽ ነው ማለት ነው።

ለነገሩ አፍን በመርፌ ማሳመር ከፈረንጅ የተማርነው አይደለም። በጎንደር፣ በጎጃም፣ በወሎ፣ በትግራይ አያቶቻችን ድዳቸውን ይነቀሱ ነበር። ነቃሿ መርፌውን ጥላሸት እየነከረች ድዱን ትወጋጋዋለች። ይደማል፣ ያብጣል፤ ለቀናት አጥሚትና ወተት እንጂ በርበሬ የነካው አይቀመስም። እስኪጠቁር ድረስ ይደጋገማል። የጠቆረው ድድ የጥርሱን ንጣት ያወጣዋል፤ ድዱንም ያጠነክራል ይባል ነበር። የድሮው ይሻላል ማለቴ አይደለም። ካንዷ ድድ ወደ ሌላዋ የሚሄድ መርፌ ከደም ጋር ምን ይዞ እንደሚሄድ የኤድስ ዘመን አስተምሮናል። አንድ ነገር ግን ነበራቸው፤ ነቃሿን መንደሩ ሁሉ ያውቃታል፣ ልጅቷ መነቀሷንም ማንም አይደብቀውም። ካበጠባት እናቷ ታያለች፣ ጎረቤት ያያል። የዛሬዋ ልጃችን ግን አንድም ሰው ሳይሰማ ተወግታ፣ ብቻዋን መስተዋት ፊት ቆማ ነው የምትፈራው። (በነገራችን ላይ፣ ድዳቸውን የተነቀሱ እናት ያላችሁ፣ የዚህ አገር የጥርስ ሐኪም አፋቸውን ከማየቱ በፊት ንቅሳት መሆኑን ንገሩት። የማያውቅ ሰው በሽታ ቢመስለው አይፈረድበትም።)

ሌላም የሚገርመኝ ነገር አለ። ይህ አገር በየዓመቱ በሲንተርክላስ በዓል ፊቱን በጥቁር ቀለም፣ ከንፈሩን በወፍራም ቀይ ቀብቶ "ጥቁር ፒት" እያለ ሲስቅ የኖረ አገር ነው። አገር አቀፉ የአቀባበል ሰልፍ ያንን ትቶ ጥላሸት ብቻ ጣል ጣል ወዳደረገ ፒት የዞረው በ2019 ነው። የተሳቀበት ከንፈር ዛሬ በሚሊ ሊትር ይሸጣል፣ እኛም ወረፋ ይዘን እንገዛለን። ከንፈሯ ሙሉ የሆነች ልጅ ለምን ትሄዳለች ትሉ ይሆናል። ባንድ በኩል ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ዕድሜ ያሳሳው ሊሆን ይችላል፤ ጓደኛዋ ስላደረገችውም ሊሆን ይችላል። አልፈርድም። ብቻ "ላንቺ አያስፈልግሽም" ብሎ የሚመልስ ሐኪም ካጋጠማችሁ እሱን አትልቀቁት። የከንፈር ቀለምም በፊለር አይለወጥም። የላይኛው ጠቆር፣ የታችኛው ቀላ ያለ መሆኑ የብዙዎቻችን ተፈጥሮ ነው፤ እንዲያውም እንደኛ ባለ ቆዳ ላይ መርፌው የነካው ቦታ ጠቁሮ ሊቆይ ይችላል። ቁስሏ ሲድን ጠባሳው የሚያብጥባት ሴት ደግሞ ይህን አስቀድማ ትናገር።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ማን ይወጋል? በኔዘርላንድ ሕግ መርፌ መውጋት ለሙያተኛ ብቻ የተተወ ሥራ ነው። ፊለር የሚወጋው ሐኪም፣ ወይም በሐኪም ትእዛዝና ኃላፊነት የሚሠራ ችሎታው የታወቀ ባለሙያ ነው። ጠጉር ሠሪ፣ ጥፍር ሠሪ፣ የአንድ ቀን ኮርስ የምስክር ወረቀት ግድግዳዋ ላይ የሰቀለች የውበት ባለሙያ፣ በራሷ ልትወጋ አይፈቀድላትም። ሐኪሙ እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ ቢግ የሚባለው የጤና ባለሙያዎች መዝገብ አለ፤ ስሙን አስገብቶ ማየት በነፃ ነው። በዚህ ሥራ የተለየ ሥልጠና ያለው "ኮስሜቲሽ አርትስ ካኤንኤምኼ" የሚል ማዕረግ ይይዛል። ከ18 ዓመት በታች ላለች ልጅ ለውበት ተብሎ ፊለር እንዳይወጋ ሙያተኞቹ ራሳቸው ተስማምተዋል። ያለመርፌ በግፊት የሚረጨው "ሃያሉሮን ፔን" የሚሉት ብዕርም አያታላችሁ፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በጥቅምት 2021 ማንም እንዳይጠቀምበት አስጠንቅቋል።

"የኛ ልጅ ናት" የሚለውን ነገር ትንሽ ላክርበት። አገር ቤት የሰፈር መርፌ ወጊ ነበረ። ፔኒሲሊን ሲታዘዝልን እቤት ድረስ ይመጣል፣ ቡና ይጠጣል፣ ሳንቲም ይቀበላል። የምናምነው ስለምናውቀው ነው። በስደት ደግሞ ይህ አመል ይብሳል፤ ቋንቋችንን የሚናገር ሰው ሁሉ ዘመድ ይሆናል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ክሊኒክ ከ200 ዩሮ በላይ የሚጠይቀውን ሳሎን ቤት በግማሽ ይሠራሉ። ታዲያ ያ ማርከሻ፣ ሃያሉሮኒዴዝ፣ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚገኝ መድኃኒት ነው። እሷ ዘንድ የለም። የደም ሥር ቢዘጋ በስልክ "በረዶ ያዥበት፣ ያልፋል" ከማለት በቀር ምንም አታደርግም። እጇ ቢያምር፣ ልቧ ደግ ቢሆን ይህን አይለውጠውም።

ከመሄዳችሁ በፊት። በአፋችሁ ዙሪያ ምች የሚወጣባችሁ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ። ያ ምች ቫይረስ ነው፤ መርፌው ሊቀሰቅሰው ይችላል፤ አስቀድሞ የሚዋጥ ክኒን አለ። ዳማከሴ አሽቶ መቀባት እዚህ ላይ አይበቃም። ምቹ ወጥቶ ካለም ቀኑን አዛውሩት። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን፣ የዓሣ ዘይትና የነጭ ሽንኩርት ክኒን ደም እንዲፈስና እንዲበልዝ ያደርጋሉ፤ ነገር ግን ለልብ ወይም ለደም መርጋት የታዘዘላችሁን መድኃኒት ሐኪም ሳታማክሩ በራሳችሁ አታቋርጡ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ይቆዩ። ጥርስ የሚያሠራም ቀኑን ያራርቀው። ሠርግ ወይም መስቀል አለብኝ የምትል ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ትበል፤ ሙሽራ በሦስተኛው ቀን እብጠቷን ይዛ ፎቶግራፍ ስትነሳ አይታያችሁም? ሐኪሙ ሳጥኑን ፊታችሁ ይክፈት፤ የጄሉን ስምና የመለያ ቁጥሩን ጻፉ ወይም ፎቶ አንሱ። ኋላ ችግር ቢመጣ ሌላው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው።

ከተወጋችሁ በኋላ ማበጡ የግድ ነው። ከንፈር በአንደኛውና በሁለተኛው ቀን ይበልጥ ያብጣል፤ ባንድ በኩል ሊያጋድል ይችላል፤ ያኔ "አበላሸኝ" ብላችሁ አትደንግጡ። አብዛኛው በሦስት ቀን ይጎድላል፣ ብልዙ አንድ ሳምንት ወይም ትንሽ በላይ ይቆያል፣ ትክክለኛው ቅርጽ የሚታየው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ማደንዘዣው ሳይለቅ ትኩስ ቡና አይጠጣም፤ መቃጠላችሁን አታውቁትምና። በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት ሳውና፣ ከባድ ስፖርትና አልኮል ይቅሩ፤ በመጀመሪያው ቀን ሊፕስቲክም ይቅር። ከንፈሩን አትሹት፣ አትጫኑት። አፍ የሚሞላ ጉርሻም ለሳምንቱ ይቅር፤ አጉራሹ ቅር ቢለው ይቅር። ወራት ካለፉ በኋላ ከጉንፋን ወይም ከጥርስ ሕመም ጋር አብሮ የሚያብጥ ወይም ጠጠር የሚል ነገር ከመጣም ለሐኪም ይታይ።

አሁን የማይታለፈው። በከንፈር ውስጥ ከስሱ ቆዳ ሥር የሚያልፉ የደም ሥሮች አሉ። ጄሉ ወደ ውስጣቸው ከገባ ወይም ከውጭ ከተጫናቸው ደም ይቋረጣል፣ ሥጋው ይሞታል። ጥቂት ሰው ላይ የሚደርስ ነው፤ የደረሰበት ሰው ግን የሚቆጥረው ሰዓት ነው። ምልክቱ እየጨመረ የሚሄድ ኃይለኛ ሕመም፣ የነጣ ወይም ሰማያዊና ቀይ ዥንጉርጉር የሆነ ቆዳ፣ የቀዘቀዘ ከንፈር ነው። ማደንዘዣው ሕመሙን ለጥቂት ሰዓት ሊሸፍነው ይችላል። መጻሕፍቱ "ነጣ ካለ" ይላሉ፤ የተጻፉት ግን ብዙውን ጊዜ ነጭ ቆዳን አይተው ነው። በጠቆረ ቆዳ ላይ ንጣቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ከንፈሩን ገልብጣችሁ ውስጡን እዩ። በጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ቀለሙ በሁለት ሦስት ሰከንድ ካልተመለሰ፣ ወይም አንዱ ጎን ከሌላው ከዘገየ፣ ደም አልደረሰም ማለት ሊሆን ይችላል። ያኔ በረዶ አይያዝም፤ በረዶ የደም ሥርን ያጠብባል። የወጋው ሐኪም ከሆነ በዚያው ሰዓት ደውሉለት። ካልተገኘ፣ ወይም የወጋችው ሐኪም ካልሆነች፣ ሁይስአርትስ፤ ሌሊትና ቅዳሜ እሑድ ከሆነ ሁይስአርትሰንፖስት። ዓይን ከደበዘዘ ወይም ማየት ከከበደ 112። ሮተርዳም የሚገኘው የኤራስመስ ሕክምና ማዕከል የፊለርን ጉዳት ለዓመታት ሲከታተልና በአልትራሳውንድ ጄሉ የት እንዳለ እያየ ሲያክም የቆየ ነው፤ ሁይስአርትሱ ወደዚያ መላክ እንደሚቻል ቢዘነጋ አስታውሱት።

ገንዘብ የሚያሰጋው ሰው ይህን ይወቅ። ለውበት የተደረገውን ኢንሹራንስ አይከፍልም። ሁይስአርትስን ማየት ግን፣ በሌሊትም ቢሆን፣ ከአይኽን ሪሲኮ አይቆረጥም፤ የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ይቆረጣል፣ የዚያም ጣሪያ በ2025 385 ዩሮ ነበር። ወረቀት የሌለውም ሰው ቢሆን፣ ከ1998ቱ የኮፐሊንግስዌት ሕግ ወዲህ ከብዙ አገልግሎት ቢታገድም፣ ለጤናው የግድ የሆነውን ሕክምና የማግኘት መብቱ አልተነካም፤ ሐኪምም የሰማውን በምሥጢር የመያዝ ግዴታ አለበት። ወጊዋን ላለማጋለጥ ብላችሁ ስለ ጄሉ አትዋሹ፤ "አለርጂ ይሆናል" ካላችሁት ለአለርጂ ያክማችኋል፣ ሰዓቱም ያልፋል።

ባልና ወንድም ደግሞ በዚያች ሌሊት "ማን አድርጊ አለሽ?" የሚለውን ለሌላ ቀን አቆይታችሁ መኪናውን አስነሡ።

ደችኛ ለሚቸግራት፣ በስልክ የምትለው አንድ ዓረፍተ ነገር ይኸውና፤ ቆርጣችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት። "ኢክ ሄብ ፊለርስ ኢን ማይን ሊፐን ኼክሬኸን፣ ኤን ኢክ ዴንክ ዳት ኤር ኤን ብሉትፋት ዲኽት ዚት።" ከንፈሬን ፊለር ተወግቻለሁ፣ አንድ የደም ሥር የተዘጋ ይመስለኛል ማለት ነው። ከዚያ የተወጋችበትን ሰዓት ትናገር።