ቡናው አልጋ ላይ፣ በረንዳው ጭቃ ውስጥ

የጅማና የአካባቢዋ ልጆች በአንድ ነገር አንታማም፤ ቡና እናውቃለን። አጋሮ ሂዱ፣ ሊሙ ገነት ሂዱ፣ ጌራ ሂዱ፤ ለጥሩ ቡና ከመሬት ከፍ ያለ አልጋ ይሠራለታል። ከላይ ፀሐይ፣ ከሥር ነፋስ ያገኛል፤ ዝናብ ሲመጣ ይሸፈናል። እርጥብ መሬት ላይ የተሰጣ ቡና እንደሚሻግትና የአፈር ጣዕም እንደሚይዝ ለእኛ ሰው አይነገርም።

ታዲያ ይህን የሚያውቅ ሰው በረንዳ ሲሠራ ምን ይነካዋል? የባሕር ዛፉን ቋሚ ጉድጓድ ቆፍሮ ይቀብረዋል፤ እርጥብ ጣውላ አጠጋግቶ በሚስማር ይመታል፤ የተቃጠለ ዘይት ቀባ ቀባ ያደርግና “አለቀ” ይላል። ጥቂት ክረምት ካለፈ በኋላ ቋሚው ልክ አፈሩ ጋ ሲደርስ ይበሰብሳል፤ ከመበስበስ ቢተርፍ ምስጥ አለለት። ከዚያ “እንጨት ድሮ ቀረ” ተብሎ በረንዳው ይፈርሳል፣ ሲሚንቶ ይፈስበታል።

እኛ በዚህ አንስማማም። ጥፋቱ የእንጨቱ ሳይሆን የአሠራሩ ነው።

ማስረጃ የሚል ካለ ጅሬን ይውጣ። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት በረንዳዎቹ ከሰፊ ጣሪያ ሥር ተጠልለው ይታያሉ። አርጅቷል፣ ጥገናም አስፈልጎታል፤ ግን ከመቶ ዓመት በላይ የጅማን ዝናብ ችሏል። የባሰ ብርድና በረዶ ያለበትን አገር ከፈለጋችሁ ደግሞ ኖርዌይ አለች። የቀደሙት የእንጨት ቤተ ክርስቲያኖቿ ምሰሶዎች መሬት ውስጥ ተቀብረው ስለነበር በሰበሱ። የኋላዎቹ ግንበኞች እንጨቱን ድንጋይ ላይ አሳረፉት፤ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የተሠራው የቦርጉንድ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ቆሟል።

ምስጢሩ ከቡናው አልጋ አይለይም። ቋሚውን አትቅበሩት። ከመሬት ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ያለ የድንጋይ ወይም የኮንክሪት መሠረት ሥሩ፣ ቋሚውን በብረት ማሰሪያ እላዩ ላይ አቁሙት። ምስጥ ልውጣ ቢል የጭቃ መንገዱ ድንጋዩ ላይ ይታያችኋል፤ ጠርጋችሁ ትጥሉታላችሁ። እንጨቱ ከመመታቱ በፊት ጥላ ውስጥ ይድረቅ። በጣውላዎቹ መሐል የእርሳስ ውፍረት ያህል ክፍተት ይኑር፣ ውኃው ይውረድ፣ ነፋሱ ይግባ። ጣሪያው ወጣ ይበል፤ አሸንዳም አትርሱ።

“ወጪ ይበዛል” ትሉን ይሆናል። መጀመሪያ ላይ አዎ። ግን በየጥቂት ዓመቱ ቋሚ መቀየርስ በነፃ ነው? ደግሞ ጥድና ዋንዛ ይቆረጥ አላልንም፤ ዋንዛ ለቡናችን ጥላ ነው፣ ባለበት ይቁም። በባሕር ዛፉ ላይ ነው የምንከራከረው። የሚበሰብስ በረንዳ ሁሉ ሌላ ዛፍ እያስቆረጠ ነውና።

በረንዳ ደግሞ ትርፍ ነገር አይደለም። ዝናብ በማይጠግብ ከተማ ውስጥ ጎረቤት የሚጠራራበት፣ ቡና የሚፈላበት፣ ካፌ መክፈል ያቃተው ወጣት ተቀምጦ የሚያወራበት ቦታ ነው። ስለዚህ አባቶቻችን ቤት ሲያሠሩ ዝም አንበል። አናጢው ጉድጓድ መቆፈር ሲጀምር አንድ ጥያቄ እንጠይቀው፤ “ጋሼ፣ ቡናዎን መሬት ላይ ያሰጣሉ?”