ወደ ዳላስ ለምትዛወሩ ወገኖች

ወደ ዳላስ መዛወር የሚያስቡ ወገኖች «ቤቱ ርካሽ ነው፣ ስቴቱም የገቢ ግብር አይወስድም» ሲሉ እሰማለሁ። ግብሩን በተመለከተ እውነታቸውን ነው። ይሁን እንጂ ቴክሳስ ከደመወዝ ያልወሰደውን በንብረት ግብር ይሰበሰብበታል፤ ተከራዩም በኪራዩ ውስጥ ይከፍለዋል።

በእኔ አስተያየት ግን ከግብሩ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው መጓጓዣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በሕዝብ ድምፅ የተቋቋመው ዳርት አውቶቡስና ባቡር የሚያሠማራው በዋናነት ከሽያጭ ግብር ለሚያዋጡ አባል ከተሞች ነው። ጋርላንድና ሪቻርድሰን አባል ናቸው፤ ሜስኪትና አርሊንግተን አይደሉም። ዳላስና ፎርት ዎርዝ መካከል የምትገኘው አርሊንግተን ያን የመሰለ ግዙፍ ስታዲየም ይዛ፣ መደበኛ የከተማ አውቶቡስ የላትም፤ ከ2017 ወዲህ ነዋሪው በስልክ ጠርቶ የሚሳፈርበት ሚኒቫን ነው ያላት።

ስለዚህ ኪራይ ከመፈረማችሁ በፊት የባቡሩን መስመር በካርታ ተመልከቱ። በቤቱ ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ መኪና፣ ኢንሹራንስና ቤንዚን ደምሩ። በተለይ መንጃ ፈቃድ ገና ያላወጣ ወንድም ወይም ከአገር ቤት የመጡ እናት ካሉ ነገሩ ይከብዳል። እናት ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ የልጃቸውን የዕረፍት ቀን የሚጠብቁ ከሆነ፣ በኪራዩ ያተረፍነውን በእሳቸው ብቸኝነት እየከፈልነው ነው።